ትራኩ መጣ፣ ክራሩ ቀረ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሃያ ሁለት አካባቢ በምትገኝ አንዲት የምድር ቤት ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል። አንዱ የስቱዲዮው ባለቤትና አቀናባሪ ነው፤ ሌላው አጠገቡ ሆኖ ሙያውን የሚለማመድ ወጣት። የሚጠብቁት ዘፈን የተቀናበረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ኪቦርዲስት ስቱዲዮ ዋን በሚባለው ሶፍትዌር ድራሙን፣ ቤዙን፣ ብራሱንና ክራሩን ሠርቶ ጨርሷል። ማሲንቆውና የድምፃዊቷ ድምፅ አዲስ አበባ ይቀረፃሉ፤ ሚክሱም እዚሁ ይሠራል። እዚህ ያለው ሶፍትዌር ደግሞ ኩቤዝ 14 ነው። ሁለቱ ሶፍትዌሮች አንዱ የሌላውን ፕሮጀክት መክፈት አይችሉም። ስለዚህ ላኪው ሥራውን ሁለቱም በሚያነቡት ዶውፕሮጀክት በተባለ የመለዋወጫ ፋይል አድርጎ በቴሌግራም ልኮላቸዋል።

ወጣቱ ሜኑውን ከፍቶ ኢምፖርት አለ። ጥቂት ቆይቶ ትራኮቹ ከነስማቸውና ከነቀለማቸው ተደረደሩ። ቴምፖው ገባ፤ የቺክቺካው 6/8ም ገባ። በየትራኩ ላይ ላኪው የሳላቸው የድምፅ መጠን መስመሮች ከፍ ዝቅ እያሉ ይታያሉ። አጫወቱት። በኦዲዮ የተላኩት ድራምና ቤዝ ተሰሙ። የክራሩ ኖታዎች ስክሪኑ ላይ እየበሩ ያልፋሉ፤ ድምፅ ግን የለም።

«ጋሼ፣ ኖታው እኮ ሙሉ ነው» አለ ወጣቱ።

«ኖታውማ መጣ። መሣሪያው ነው የቀረው።»

ላኪው ክራሩን የተጫወተው በገንዘቡ በገዛው፣ ፕለጊን በሚባል ተጨማሪ ሶፍትዌር ነው። ፕለጊኑ አዲስ አበባ ባለው ኮምፒውተር ላይ የለም። ፋይሉ የፕለጊኑን ስምና ሙሉ አቀማመጥ ይዞ መጥቷል፤ ሶፍትዌሩን ራሱን ግን ሊይዝ አይችልም።

ይህ በሙያው ላሉ ሰዎች የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በየስቱዲዮው ደጋግሜ ስላየሁት፣ ከቴክኒክ ጉዳይነቱ ይልቅ የሥራ ባለቤትነት ጉዳይነቱ ይበልጥ ይሰማኛል። አንድ የዘፈን ፕሮጀክት ሲከፈት የምናየው ድምፅ ይመስለናል፤ አብዛኛው ግን ውሳኔ ነው። ቤዙ ሁለተኛው ቤት ላይ ለምን ዝም አለ? ብራሱ ከአዝማቹ በፊት ግማሽ ምት ቀድሞ እንዲገባ ማን አሰበ? ክራሩ ድምፃዊቷ ስትጀምር በሁለት ዴሲቤል ዝቅ የሚለው በማን ጆሮ ተለክቶ ነው? የተቀረፀው ድምፅ ዋቭ በሚባሉ ፋይሎች ለብቻው ይቀመጣል። የፕሮጀክቱ ፋይል የሚይዘው እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም፣ በምን ያህል መጠን እንደሚሰማ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚጫወትና በየትኛው ኢፌክት እንደሚያልፍ የሚናገረውን ዝርዝር ነው። አቀናባሪ ሳምንታት የሚያጠፋው እዚህ ዝርዝር ላይ ነው።

ዝርዝሩን እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ ይጽፈዋል። ሪፐር ተራ ጽሑፍ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው ማንም በኖትፓድ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ኤብልተን ላይቭ ኤክስኤምኤል በተባለው አጻጻፍ ይጽፍና አምቆ ያስቀምጠዋል። የኩቤዝ ፕሮጀክት ደግሞ ከኩቤዝ ውጭ ትርጉም የማይሰጥ የቁጥር ክምችት ነው። አጻጻፉ ቢታወቅ እንኳ ጉዳዩ አያልቅም፤ ሶፍትዌሮቹ ስለ ሙዚቃ ያላቸው ሐሳብም ይለያያል። በኤፍኤል ስቱዲዮ አንድ ፓተርን ከአንድ ትራክ ጋር የግድ አይታሰርም፤ እንደፈለጉ የትም ያስቀምጡታል። በፕሮ ቱልስ ግን ሁሉም ነገር የሚኖረው ትራኩ ላይ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚያሻግር ፋይል አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ዘፈን ከምን ከምን ይሠራል የሚለው ነው። የመለዋወጫ ቅርጸቶች ታሪክ የዚህ ጥያቄ መልስ ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ሚዲ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደው የናም የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የአሜሪካው ሲኩዌንሻል ፕሮፌት 600 እና የጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር 6 በገመድ ተገናኙ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው አብሮ ተጫወተ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች መሣሪያዎቻቸው እንዲግባቡ ተስማምተው ነበር። ለዚህ ሥራ ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የቴክኒካል ግራሚ ሽልማት ተቀብለዋል። በ1988 ደግሞ የሚዲ ፋይል የጋራ ቅርጽ ያዘ። ያኔ የተቀመጠ የሚዲ ፋይል ዛሬ በየትኛውም የሙዚቃ ሶፍትዌር ይከፈታል። በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ዕድሜ ያለው ነገር ጥቂት ነው። ሚዲ ግን ድምፅ አይዝም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት ተመታ፣ መቼስ ተለቀቀ፤ ይህን ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው መልስ ከፊልም ሠሪዎች መጣ። ፊልም ላይ ሥዕሉን የሚቆርጠው ኤዲተር ሥራውን ጨርሶ «ከእንግዲህ አይነካም» ሲል የድምፅ ባለሙያው ሥራ ይጀምራል። ኤዲተሩ የተጠቀመባቸው መቶዎችና ሺዎች የድምፅ ቁራጮች እያንዳንዳቸው በትክክለኛ ቦታቸው ወደ ድምፅ ሶፍትዌሩ መሻገር አለባቸው። አቪድ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ኦኤምኤፍን አወጣ፤ ከዚያ በ2000 ገደማ ተተኪው ኤኤኤፍ መጣ። ኦኤምኤፍ ከ2 ጊጋባይት በላይ መያዝ አይችልም። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረፀ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ የ90 ደቂቃ ፊልምን ከዳር እስከ ዳር የሸፈኑ ሦስት ትራኮች ብቻ ጣሪያውን ይሻገሩታል። በኦኤምኤፍ የሚሠሩ ሰዎች ፊልሙን በየክፍሉ ከፋፍለው የሚልኩት ለዚህ ነው።

ኤኤኤፍ የቁራጮቹን ቦታ፣ የትራኮቹን ስም፣ ፌዶቹንና የድምፅ መጠን እንቅስቃሴውን ያሻግራል። ኤዲተሩ በጥንቃቄ ካወጣው በየቁራጩ ፊትና ኋላ ሃንድል የሚባል ትርፍ ድምፅ ይተዋል፤ የድምፅ ባለሙያው አንድን ቃል ከቀጣዩ ጋር አለስልሶ ማገናኘት ሲፈልግ የሚስበው ከዚያ ትርፍ ነው። ትርፉ ካልተላከ መመለሻ የለም፤ እንደገና ማስላክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሌላው ነገር የፍሬም ቁጥር ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ተብሎ የተላከው ፊልም በእርግጥ 23.976 ከሆነ ልዩነቱ ከሺህ አንድ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ማንም አያስተውለውም። በ90 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ግን ድምፁና ከንፈሩ በ5.4 ሴኮንድ ተራርቀዋል። ለዚህ መፈተሻ የሚሆን ቀላል ነገር አለ፤ ፊልሙ ከመጀመሩ ሁለት ሴኮንድ ቀደም ብሎ የአንድ ፍሬም ያህል «ቢፕ» የሚል ድምፅ ይቀመጣል፤ መጨረሻው ላይም እንደዚሁ። ሁለቱም ቢፖች ከሥዕሉ ምልክት ጋር ከገጠሙ በመሃል የፍጥነት ልዩነት የለም።

እንግዲህ ሙዚቃ አቀናባሪው በሁለቱ መልሶች መሃል ለዓመታት ተንጠልጥሎ ኖረ። ሚዲ ኖታውን ይዞ ድምፁን ይተዋል። ኤኤኤፍ ድምፁን ይዞ ኖታውን ይተዋል፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚባል ነገር አያውቅም። አቀናባሪዎች የቀራቸው አማራጭ እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወደ ዋቭ ቀይሮ መላክ ሆነ። «ዋቩን ላክልኝ፣ ይበቃል» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። አስተማማኝ መንገድ ነው፤ የትም ይከፈታል፣ የትም አንድ ዓይነት ይሰማል። ሆኖም ውሳኔው ሁሉ ድምፁ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ተቀባዩ ከብራሱ አንዲት ኖታ መለወጥ ቢፈልግ ላኪውን መለመን አለበት።

ዶውፕሮጀክት የወጣው በመስከረም 2023 ነው። ያወጡት የበርሊኑ ቢትዊግና የስቱዲዮ ዋን ባለቤት የነበረው የአሜሪካው ፕሪሶነስ ናቸው፤ ሁለቱም ለአንድ ገበያ የሚፎካከሩ። ቅርጸቱን ክፍት አደረጉት፤ ማንም ኩባንያ ሳይከፍልና ሳያስፈቅድ ሶፍትዌሩ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። በኅዳር 2024 የሐምቡርጉ ስታይንበርግ ኩቤዝ 14ን ሲያወጣ ዶውፕሮጀክትን አስገባበት። ለሪፐር ደግሞ በነፃ የሚታደል መቀየሪያ ተሠርቶለታል።

የፋይሉ አሠራር ግልጽነት ደስ ይለኛል። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ብትቀይሩት እንደማንኛውም የታመቀ ፎልደር ይከፈታል። ውስጡ ዋቮቹ፣ የፕለጊኖቹ አቀማመጥ ፋይሎችና በኤክስኤምኤል የተጻፈው የፕሮጀክቱ ዝርዝር አሉ። ዝርዝሩን በዓይን ማንበብ ይቻላል፤ ትራኩ ይኸው፣ ቁራጩ ከዚህ ይጀምራል፣ ኖታው ይህን ያህል ይቆያል። ጊዜን በምት ወይም በሴኮንድ መቁጠር ይፈቅዳል። ይህ ለኛ ሙዚቃ ትልቅ ነገር ነው። ቺክቺካ በምት ይቆጠራል፤ ቴምፖው ሲቀየር ኖታው አብሮ መሄድ አለበት። በገና ወይም ፉከራ ግን ሜትሮኖም ሳይሰማ የተቀረፀ ከሆነ በሴኮንድ ነው መቀመጥ ያለበት፤ በምት ከታሰረ ተቀባዩ ቴምፖውን በነካ ቁጥር ደርዳሪው ካሰበው ቦታ ይሸሻል።

ወደ ክራሩ እንመለስ። ዶውፕሮጀክት ኢኳላይዘር፣ ኮምፕሬሰር፣ ጌትና ሊሚተር ለሚባሉት መሠረታዊ መሣሪያዎች የጋራ መግለጫ አለው። ሌላው ፕለጊን ሁሉ ተቀባዩ ጋ ተገዝቶ መጫን አለበት። በአገር ውስጥ ባንክ ካርድ የውጭ ሶፍትዌር መግዛት ለአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ከባድ ሆኖ ኖሯል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ኪቦርዲስት በአንድ ከሰዓት የሚገዛውን ነገር እዚህ ያለው ባለሙያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እየጠበቀ ያገኘዋል፤ ወይም ሳያገኘው ይቀራል። ቅርጸት ሲነደፍ ይህን አያውቅም፤ ሁለቱም ጫፍ እኩል የታጠቀ ነው ብሎ ይነሣል።

ፕለጊኑ ጠፍቶ ኖታውን በሌላ መሣሪያ ብናጫውተውም የሚጠፋ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያነሣው ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በኪቦርድ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው የቀስቱን መንሸራተት የሚያመጣው ፒች ቤንድ በሚባለው፣ በእጅ በሚገፋ መቆጣጠሪያ ነው። ሚዲ ይህን እንቅስቃሴ በ16,384 ደረጃዎች ይመዘግባል። የሚመዘግበው ግን እጁ ምን ያህል እንደገፋ ነው፤ ድምፁ ምን ያህል እንደተጓዘ አይደለም። ርቀቱን የሚወስነው መሣሪያው ላይ የተሞላው ቤንድ ሬንጅ ነው። ላኪው ሬንጁን 12 ግማሽ ድምፅ ላይ አድርጎ ቢጫወትና የተቀባዩ መሣሪያ በተለመደው 2 ላይ ቢቆም፣ አንድ ሙሉ ኦክታቭ የወጣው ልቅሶ አንድ ድምፅ ብቻ ወጥቶ ይወርዳል። ኖታው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዜማው ግን ሞቷል። ፋይሉ ምንም ስሕተት አያሳይም፤ ሶፍትዌሩም አያስጠነቅቅም። የሚያውቀው ማሲንቆን የሚያውቅ ጆሮ ብቻ ነው።

ቅኝት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የክራርና የበገና ቅኝት ፒያኖ ላይ ካለው እኩል የአሥራ ሁለት ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ይህን የሚያውቁ ኪቦርዲስቶች የመሣሪያቸውን ስኬል ቲዩኒንግ ከፍተው አንዳንዱን ድምፅ በጥቂት ሴንት ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጉታል፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ሚዲ ግን ኖታ ቁጥር 60 ተመታ ብቻ ይላል። ማስተካከያው ኪቦርዱ ውስጥ ይቀራል። በአንቺሆዬ የተሠራ ዜማ ሌላ ከተማ ሲከፈት በፒያኖው ልክ ተስተካክሎ፣ ጠርዙ ሁሉ ተልጎ ይሰማል። እነዚህን ቅርጸቶች የነደፉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ክራር የሚቃኝ ሰው አልነበረም። ዶውፕሮጀክት ክፍት መሆኑ ለዚህ ነው ተስፋ የሚሰጠኝ። የቅርጸቱ ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉም የተገለጠ ስለሆነ፣ የቅኝት መረጃ የሚቀመጥበት ቦታ ይጨመር ብሎ ከአዲስ አበባ የሚጽፍ መሐንዲስ መከራከሪያውን ማቅረብ ይችላል።

ያን ምሽት ስቱዲዮው ውስጥ መፍትሔው ቀላል ነበር። ሜሪላንድ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ላኪው ስልኩን አነሣና የክራሩን ትራክ ወደ ዋቭ ቀይሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላከው። ወጣቱ ሲያስገባው ሶፍትዌሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ እሱም አላየውም፣ አለፈው። ክራሩ ሲሰማ ከፍ ያለ፣ የተቻኮለ ነበር። የተላከው በ44.1 ኪሎኸርዝ ነው፤ ፕሮጀክቱ በ48 ይሄዳል። አንዱ በሌላው ፍጥነት ሲነበብ 8.8 ከመቶ ይፈጥናል፤ ድምፁም አንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ያህል ይወጣል። አምስት ደቂቃ የነበረው ትራክ 4 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ላይ ያልቃል።

«ጥያቄ ሲጠይቅህ አንብበው» አለው አቀናባሪው፣ ሳይቆጣ። «መልሰህ አስገባው፤ ቀይረው በለው።»

ተስተካከለ። ሥራው ቀጠለ።

ይህ ሁለቱም ባለሙያዎች በሕይወት ስላሉ፣ ስልክ ስለሚያነሡና ሶፍትዌራቸው ስለሚሠራ የተፈታ ችግር ነው። የሚያሳስበኝ ሃያ ዓመት ያለፈው ሥራ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬኮርድስን መሥርቶ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ዛሬም በየትኛውም ማጫወቻ ላይ ይሰማሉ፤ የዙሩ ፍጥነት በዓለም ዙሪያ የታወቀ የጋራ ስምምነት ነበርና። በ2000ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፒውተር የተቀናበረ ዘፈን ፕሮጀክት ግን እንዲህ ዓይነት ዋስትና የለውም። ኩቤዝ በ2016 መጨረሻ ዘጠነኛውን ሲያወጣ ባለ 32 ቢት ፕለጊኖችን መቀበል አቆመ። በ2022 ስታይንበርግ ቪኤስቲ 2 የተባለውን የፕለጊን ዓይነት ከሶፍትዌሮቹ ደረጃ በደረጃ እንደሚያወጣ አስታወቀ። የዚያ ዘመን ዘፈኖቻችን የተሠሩባቸው ብዙ ድምፆች በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆሙ ናቸው። ፕሮጀክቱ ቢከፈት እንኳ ባዶ ትራክ ነው የሚደረደረው። አልበሙን እንሰማዋለን፤ በአዲስ መልክ ሚክስ እናድርገው፣ ብራሱን ለብቻ አውጥተን ለተማሪ እናሳየው ብንል ግን የምንይዘው የለም።

ስለዚህ አንድ ዘፈን ሲያልቅ የሚቀመጠው ፎልደር ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ጥያቄ ከሚክሱ እኩል ክብደት አለው። ዋቮቹ ሁሉ ከአንድ መነሻ ይጀምሩ፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚከፍታቸው ሰው ዜሮ ላይ ደርድሮ ብቻ እንዲያጫውታቸው። በኪቦርድ የተሠራ መሣሪያ በሁለት መልክ ይቀመጥ፤ በዋቭ፣ እንደተሰማው፤ በሚዲ፣ እንደተጫወተው። የዶውፕሮጀክቱ ቅጂ አብሮ ይግባ፤ የሶፍትዌሩ የራሱ ፕሮጀክትም አይጣል። ከሁሉም በላይ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በአማርኛ፦ ቴምፖው ስንት፣ ናሙናው በስንት ኪሎኸርዝ፣ ቤንድ ሬንጁ በየትኛው ትራክ ስንት ላይ እንደተሞላ፣ ቅኝቱ ምን እንደሆነና የትኞቹ ድምፆች በስንት ሴንት እንደተነኩ፣ ክራሩን የተጫወተው ሰው ማን እንደሆነ። ይህን መጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከፋይሎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ የሚኖረውም እሱ ነው።

የክፍያውንም ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። አልበም የሚያሠራ ሰው ከፍሎ የሚወስደው ማስተሩን ነው፤ ፕሮጀክቱ አቀናባሪው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀራል። ዲስኩ ሲቃጠል ማንም አይጠየቅም፤ ማንም አልተቀበለውማ። ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር፣ ሥራው ሲያልቅ ከላይ ያልኩት ፎልደር በሁለት ይባዛ፣ አንዱ አቀናባሪው ጋ ሌላው ባለአልበሙ ጋ ይቀመጥ ቢባል ሁለቱም ይጠቀማሉ። አቀናባሪው ሥራው የእሱ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ይኖረዋል፤ ባለአልበሙም ዘፈኑን በአዲስ መልክ ማውጣት ሲፈልግ የሚከፍተው ነገር ያገኛል። ወጪውም ከባድ አይደለም። አርባ ሞኖ ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን 1.7 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ቴሌግራም ያለ ክፍያ በአንድ ፋይል ከሚያሳልፈው 2 ጊጋባይት በታች። አሥራ ሁለት ዘፈን ያለው አልበም 21 ጊጋባይት አይሞላም፤ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል፤ አንደኛው ከስቱዲዮው ውጭ፣ ሌላ ቤት ይቀመጥ።